ውኃውን ማን ዘጋው?

የንባብ ክፍል፦ ኢዮብ 8፥11-13 እና ኢዮብ 42፥7-10

ዓርብ ዓርብ ለምትመጡት፣ በወር አንዴ ሾልካችሁ ለምትመጡት፣ ከመጣችሁ ዓመት ላለፋችሁና ይህች ወረቀት በዳቦ ከረጢት ውስጥ ተጣጥፋ ለምትደርሳችሁም ሁሉ ሰላም ይሁን። ይልቁንም የምጽፈው ለእናንተ ለኋለኞቹ ነው።

በዚህ ወር የመልእክቱ ተራ ያንቺ ነው ሲሉኝ፣ «ስለ ረግረግ ሣር እጽፋለሁ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «እኛ በሥራ ብዛት ወገባችን ተሰብሮ፣ አንቺ ስለ ሣር ልትሰብኪን?» አሉኝ። እስቲ ታገሡኝ። ስለ ሣሩ የምጽፈው ሣሩ ስለ ወቀሰኝ ነው። በዚህ ኅብረት ውስጥ አንዲት እኅት በድያለሁ፤ መበደሌንም ያወቅሁት ረግረግ ዳር ቆሜ ነው። ስሟን አልጠራም፣ ነገሩን ግን በፈቃዷ ነው የምጽፈው።

እኔ ያደግሁት ጣና ዳር ነው። አጎቴ ደንገል እያጨደ ታንኳ ያስር ነበር። ጣና ያላደጋችሁ ባታውቁት፣ ታንኳችን እንደ ሌላው አገር ጀልባ ከሳንቃ አይሠራም፤ የደረቀ ደንገል ነዶ በነዶ ተጠቅልሎ፣ ተጠፍሮ ነው። ሰው ይጭናል፣ እንጨት ይጭናል፣ ቡና ይጭናል። ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ማታ ማታ ወደ ዳር ተስቦ ይሰጣል። ዕድሜውም አጭር ነው፤ ሲበሰብስ ሌላ ይታሰራል። እኛ ልጆቹ ለማጨድ አብረን እንወርዳለን። ታዲያ ከሩቅ ሲያዩት ውኃ ዳር ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ እየጎተትሁ «ይኸው ደንገል!» እላለሁ። አጎቴ አንድ ቀን እጄን ያዘና፣ «በዓይንሽ ብቻ አትፍረጂ፤ በእጅሽ ዳስሺና ጠይቂው» አለኝ። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እንዴት እንደሚጠየቅም አሳየኝ። ደንገል ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው። በሁለት ጣት መካከል ስታሽከረክሩት ጠርዙ ይቆረቁራል። በግንዱ ላይ ቅጠል የለውም፤ ልሙጥ ሆኖ ይወጣና ጫፉ ላይ ብቻ እንደ ተበተነ ጠጉር ይዘረጋል። ቢቆርጡት ውስጡ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው፤ የሚንሳፈፈውም በዚህ ነው። ቁመቱ ከሰው እጥፍ ያልፋል።

ፊላ ግን ሌላ ነው። ቅጠሉ ከሥሩ ጀምሮ እንደ ሰይፍ ረጅምና ጠፍጣፋ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የአበባው ዘንግ ክብ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ቡናማ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ የሚለሰልስ ፍሬ አለው። እዚህ አገር በሽቦ ተሰክቶ የሚጠበሰውን ከባብ አይታችሁ የለ? ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው። ሲበስል ይፈነዳና እንደ ጥጥ ይበናል፤ ከአንዱ ፍሬ ብቻ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ዘር በነፋስ ይሄዳል።

ሸምበቆ ደግሞ ግንዱ ባዶና አንጓ ያለው ነው። ቅጠሉ በየአንጓው ይወጣል፣ ጫፉ እንደ ላባ ይወዛወዛል። ቄጠማን መቼም ለበዓል የጎዘጎዘ ሁሉ ያውቀዋል፤ አጠር ያለ ነው፣ ከዳር አይርቅም።

አሁን ደግሞ ወደ ዮርዳኖስ ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት በጸደይ ወራት ማዳሜና ቤተሰቧ ለሽርሽር ሲሄዱ፣ ሕፃኑን እንድይዝ እኔንም ወሰዱኝ። የሄድነው አዝራቅ ነው። ከአማን ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሁሉ በረሃ ነው፣ ጥቁር ድንጋይና አቧራ። «አዝራቅ» በዐረብኛ ሰማያዊ ማለት ነው። ሰማያዊ ነገር ግን አላየሁም። በኋላ መኪናው ቆመ፤ በእንጨት መራመጃ ላይ ወጣን፤ ድንገት ግራና ቀኙ አረንጓዴ ሆነ። ውኃ! ከራስ በላይ የቆመ ለምለም ነገር! ወፍ ይንጫጫል። ልቤ ጣና ሄደ። ሕፃኑን እንዳቀፍሁ በአማርኛ «ደንገል!» ብዬ ጮኽሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

የቦታው አስጎብኚ ሸምገል ያለ ሰው ነበር። ምን አልሽ አለኝ። በወጥ ቤት ዐረብኛዬ፣ የድሮ ሰዎች ወረቀት የሚሠሩበት፣ የግብፁ ሣር ነው አልኩት። እሱም «በርዲ ነው» አለኝ። እኔም «አዎ፣ በርዲ!» አልኩ ደስ ብሎኝ፤ ምክንያቱም ማዳሜ ግብፅ ሄዳ ያመጣችውን፣ ሥዕል ያለበትን የደንገል ወረቀት «በርዲ» ስትለው ሰምቻለሁ። ሰውየው ሳቀና አንዱን ጎንበስ አድርጎ፣ «ንኪው» አለኝ። ነካሁት። ሦስት ማዕዘን የለም። ጠፍጣፋ ቅጠል ነው። ቀና ብዬ ባይ ያ ቡናማው ከባብ ጫፉ ላይ ቆሟል። ፊላ ነው! አይ እኔ፣ የጣና ልጅ! ለካ በዐረብኛ «በርዲ» የሚለው ስም በግብፅ ለደንገል ሲሆን፣ በዚህ በኩል ለፊላ ይጠሩበታል። አንድ ስም፣ ሁለት ሣር።

ሰውየው ገር ነበረና ሁሉን አሳየኝ። የፊላ ጫፍ ሁለት ክፍል አለው፤ ከላይ ቀጭኑ ወንዴ ነው፣ ዱቄት ያራግፋል፤ ከታች ወፍራሙ ሴቴ ነው፣ ዘር ይይዛል። በዓለም ላይ ሰፊ ቅጠል ያለው ፊላ አለ፤ በእርሱ ሁለቱ ክፍሎች ተነካክተው ይቆማሉ። የአዝራቁ ግን ቅጠሉ ቀጠን ያለ ነው፤ በወንዴውና በሴቴው መካከል ባዶ ዘንግ ይታያል፣ ጣት የሚያሳርፍ ክፍተት። ቅጠሉን ቆርጦ አሳየኝ፤ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ ነው። ፊላ እግሩን የሚተክለው አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ስለሆነ፣ እስትንፋስ ከላይ ወደ ሥሩ የሚወርደው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። ጥልቅ ውኃ አይወድም፣ ኃይለኛ ወራጅም አይወድም፤ ረጋ ያለ፣ እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ የሚደርስ ውኃ ነው ቤቱ። ሸምበቆ ከእርሱ ይልቅ ቻይ ነው፤ ሥሩን ወደ ታች ይሰድና ውኃ ቢሸሽም፣ ጨው ቢበዛም ይቆያል። ፊላ ግን ውኃው ከላይ ሲሄድበት ብዙ አይቆይም። ደንገል ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ሙቀትና ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ ውኃ ይሻል። በዚህ አካባቢ የታወቀው ቦታው ከገሊላ ባሕር በስተ ሰሜን ያለው የሁላ ረግረግ ነው።

እኅቶቼ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችንም ይህን ልዩነት ያውቃል። ዘጸአት ምዕራፍ 2ን ገልጣችሁ ተመልከቱ። የሙሴ እናት ሣጥኑን የሠራችው ከደንገል ነው፤ ያስቀመጠችው ግን በወንዝ ዳር በበቀለ ሌላ ሣር መካከል ነው። ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለመንሳፈፊያ ቀላሉን መረጠች፣ በቅጥራንም ለቀለቀችው፤ ለመሸሸጊያ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለውንና ጥልቀት የሌለውን ስፍራ መረጠች፤ ማዕበል እንዳይወስደው። ያቺ እናት ባሪያ ነበረች። ልጇን በእጇ ልታሳድግ አልተፈቀደላትም። ግን የውኃውን ዳር ታውቅ ነበር፣ ሣሩንም ለይታ ታውቅ ነበር። ልጆቻችንን አገር ቤት ትተን የሰው ልጅ የምናሳድግ እኛ፣ ይህን ስናነብ ማን እንደሆነች ሳይነግሩን እናውቃታለን።

ወደ አዝራቅ ልመለስ። ሰውየውን፣ «ይህ ሁሉ በረሃ መካከል ከየት መጣ?» አልኩት። ፈገግታው ጠፋ። «ይህ የቀረው ነው» አለኝ። ሲነግረኝ እንዲህ ነው፦ ድሮ እዚያ ከመሬት የሚፈልቁ ታላላቅ ምንጮች ነበሩ፤ እርሱ ልጅ ሆኖ ይዋኝባቸው ነበር። ጎሽ ይሰማራበት ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን ከ300 ሺህ በላይ ወፍ ተቆጥሮበታል፤ ከሰሜን ወደ አፍሪካ የሚሻገሩት ያርፉበት ነበር፣ ወደ እኛም አገር የሚመጡት። በ1977 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ደረጃ ጥበቃ ከሚገባቸው ረግረጎች ተቆጠረ። ይሁን እንጂ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ውኃው በትልልቅ ቱቦ ወደ አማን ተሳበ፤ በዙሪያውም ለእርሻ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ቀን ከሌሊት ተቀዳ። መሬት ከምትሰጠው በላይ ሲወሰድባት የታችኛው ውኃ ወረደ፣ ወረደና በ1992 እ.ኤ.አ. ምንጮቹ ጭርሱን ቆሙ። ረግረጉ ደረቀ። ፊላው ቆሞ ሞተ። ወፎቹም ጥቂት ሲቀሩ ማረፊያ አጥተው አለፉ።

እኔም የዋህ ነኝና፣ «ታዲያ ምን በድሎ ነው የደረቀው?» አልኩት። ሰውየው ትክ ብሎ አየኝና፣ «ሣሩ ምንም አልበደለም፤ ውኃው ተወሰደበት። አንቺ አማን አይደለሽ የምትኖሪው? ቧንቧሽን ጠይቂው» አለኝ።

እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። አማን የምትኖሩ ታውቃላችሁ፤ ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፣ ጣሪያ ላይ ያለውን በርሜል እንሞላለን። የውኃ ቀን የእኛ የጭንቅ ቀን ነው፤ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ በረንዳ፣ ደረጃ ሁሉ የሚታጠበው ያን ቀን ነው። ስንቱን በረንዳ በዚያ ውኃ አጠብሁ! ከቧንቧዬ የሚወርደው ውኃ ከየት እንደ መጣ፣ የማንን ሥር አድርቆ እንደ መጣ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። መቼም ሰው ውኃ ይጠጣ ዘንድ ግድ ነው፣ ከተማውንም አልኮንንም። ግን ሣሩን ከንቱ ነው ማለት አልችልም። አጣቢዋ እኔው ነበርኩ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ከዚያ ጉዞ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ አንዲት እኅታችን ከኅብረት ከቀረች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። መጀመሪያ የመጣች ጊዜ መዝሙር ስታወጣ ሁላችንን ታስለቅስ ነበር። ከዚያ ቀረች። ስልኳ አይነሳም። አንዷ፣ «ሰፈር ውስጥ አየኋት፣ ዞር አለችብኝ» አለች። ሌላዋ፣ «ዓለም ወስዷታል» አለች። እኔ ደግሞ ያን ዓርብ ቃል የማካፍለው እኔ ነበርኩና፣ ኢዮብ 8ን አነበብሁ። በልዳዶስ የሚናገረውን ታስታውሳላችሁ፤ ረግረግ በሌለበት ደንገል ማደግ ይችላልን ብሎ ይጠይቅና፣ ገና ለምለም ሳለ፣ ማንም ሳይቆርጠው፣ ከሣር ሁሉ ቀድሞ እንደሚደርቅ ይናገራል። እግዚአብሔርን የሚረሱ ሰዎች መጨረሻም ይኸው ነው ይላል። እኔ የጣና ልጅ ደንገልን ስለማውቅ አሳምሬ ሰበክሁት። ሁሉም «አሜን!» አሉኝ። በዚያ አላበቃሁም። ያችን እኅት ሱቅ የምታገኛት ልጅ ነበረች፤ በእርሷ እጅ ወረቀት ላክሁ። የጻፍሁት ይህን ነው፦ «እኅቴ፣ ደንገል ያለ ረግረግ አይበቅልም። የደረቅሽው ከውኃው ስለራቅሽ ነው። ንስሐ ግቢና ተመለሽ።»

መልሱ ከብዙ ሳምንት በኋላ መጣ፣ በሳሙና ካርቶን ቁራጭ ላይ። አንድ መስመር ነው፦ «ውኃውን ማን እንደዘጋው ጠይቀሽኛል?»

አልገባኝም። ተቆጣሁ እንጂ። «ልቧ ደነደነ» አልኩ። ካርቶኑን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ሸጎጥሁት። አዝራቅ ቆሜ ሰውየው «ውኃው ተወሰደበት» ሲለኝ ነው ያ ካርቶን ፊቴ ላይ የመጣው። ሕፃኑን እንዳቀፍሁ አለቀስሁ። ማዳሜ ፀሐይ የመታኝ መስሏት ውኃ አጠጣችኝ። ያንኑ ውኃ።

በኋላ ነገሩን ስንሰማ እንዲህ ነበር። የምትሠራበት ቤት ስልኳን ወስደውባታል። በር ከውጭ ይቆለፋል። የዕረፍት ቀን የሚባል የለም፤ ደመወዟም ወራት አልፎታል። መክተብ ብትደውል «ታገሺ» ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ «ዞር አለችብን» ያልናት ዕለት ከማዳሟ ጋር ነበረች፤ ሐበሻ ስታናግር ከታየች እንደምትቀጣ ተነግሯት ነበር። እኛን ለማዳን ነው ዞር ያለችው፤ እኛ ግን ዓለም ወሰዳት አልን።

እኅቶቼ፣ እስቲ በልዳዶስን በደንብ እንየው። ስለ ሣሩ የተናገረው ሐሰት ነውን? አይደለም። ደንገል ያለ ውኃ አይኖርም፤ ፊላም እንዲሁ። የሣር ዕውቀቱ ትክክል ነበር። የሳተው ሰውን ሲያይ ነው። የደረቀውን ቅጠል አየ፣ ውኃው ለምን እንደሄደ ግን አልጠየቀም። በምዕራፍ 1 ኢዮብ ላይ የሆነውን እናንተ አንባቢዎቹ ታውቃላችሁ፤ በልዳዶስ አያውቅም። ባለማወቁ ዝም ቢል መልካም ነበር። እንዲያውም እነዚያ ሦስት ወዳጆች ከሠሩት ሁሉ የሚያምረው በምዕራፍ 2 መጨረሻ ያለው ነው፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አፈር ላይ አብረውት ዝም ብለው ተቀመጡ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በፍጻሜው በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ እንደ ኢዮብ ስለ እርሱ ቅን ነገር አልተናገሩምና። እግዚአብሔርን የሚያስቆጣ ስብከት አለ ማለት ነው። ጥቅሱ ከመጽሐፍ ቢሆንም፣ ምሳሌው ቢያምርም፣ ሕዝቡ አሜን ቢልም።

አንዳንዶቻችሁ፣ «ታዲያ በራሱ ፈቃድ ከውኃው የሚርቅ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። እኔም በራሴ ስንፍና የደረቅሁባቸው ወራት አሉ፤ ኤርምያስ 17 ላይ በውኃ ዳር ስለ ተተከለው ዛፍ ሳነብ አፍራለሁ። ነገር ግን ከውኃው የሸሸውና ውኃው የሸሸበት፣ ቅጠላቸው ሲደርቅ አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። ከሩቅ አይለይም። «በዓይንሽ ብቻ አትፍረጂ፤ በእጅሽ ዳስሺና ጠይቂው» ያለኝ አጎቴ ለዚህ ነበር የሚያስፈልገኝ። ለሣር የተማርሁትን ለእኅቴ አላደረግሁትም። ጌታችን ግን እንዲህ አይደለም። ኢሳይያስ 42 ስለ አገልጋዩ ሲናገር፣ የተቀጠቀጠውን ሸምበቆ እንኳ እንደማይሰብር ይነግረናል። እርሱ ከመፍረዱ በፊት ቀርቦ ይዳስሳል። ለምጻሙን ዳስሷል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውንም ቀርቦ ጠይቆታል።

የአዝራቅ ነገር በሞት አላለቀም። ከ1994 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የዮርዳኖስ ንጉሣዊ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር የሚባለው ድርጅት ሰዎች ውኃ መልሰው ወደ ረግረጉ ማፍሰስ ጀመሩ። ምንጩ በራሱ አልተመለሰም፤ በቱቦ የተወሰደው በቱቦ ጥቂት ጥቂት ይመለሳል። ዓላማቸው ከድሮው አንድ አሥረኛውን ያህል መመለስ ነበር። አንድ አሥረኛ ብቻ! ዘጠኙ እጅ እስከ ዛሬ ደረቅ ነው፤ ከዚያ ተፋሰስ ውኃ መሳቡም አልቆመም። ግን በዚያች በአንዷ እጅ ፊላ ቆሟል። ወፍ መጥቷል። በዓለም ላይ ከአዝራቅ በቀር የትም የሌለ፣ ከጣት የማይረዝም ትንሽ ዓሣ አለ፤ ጠፋ ከተባለበት ደረጃ ደርሶ ጥቂቶቹ ተርፈው እንደገና ተባዝተዋል። ሸምበቆው እንዳያንቀው ያጭዱለታል፣ መተላለፊያ ይከፍቱለታል። ኢሳይያስ 35 በደረቅ ምድር ላይ ውኃ ስለ መፍለቁና ቀበሮ በሚተኛበት ስፍራ የረግረግ ሣር ስለ መብቀሉ ሲናገር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ የመዝሙር ቃል ብቻ ነበር። አሁን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ትንሽ ነው፣ ሰው በእጁ ይደክምበታል፣ ግን እውነት ነው።

ሰዎቹ የቆመውን ፊላ «ለምን ደረቅህ?» ብለው አልሰበኩለትም። ውኃ አመጡለት። እኛም ከዚያ ወዲህ በኅብረታችን የተስማማንባቸውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ማንም ቢቀር በመጀመሪያ የምንጠይቀው «ለምን ቀረች?» ብለን እርስ በርሳችን ሳይሆን «ምን ተወሰደብሽ?» ብለን እርሷኑ ነው። መጠየቅ ካልቻልን ስለ እርሷ አንናገርም፤ እንጸልያለን።

ሁለተኛ፣ ውኃው በቱቦ ካልሄደ በብርጭቆ ይሂድ። ይህች ወረቀት የምትባዛው ለዚህ ነው። ስልክ ያለው በስልኩ ብዙ ስብከት ይሰማል፤ ስልኳ የተወሰደባት ግን ወረቀት ትደብቃለች። ሱቅ የምትወጡ፣ ቆሻሻ ልትጥሉ የምትወርዱ፣ ጎረቤት በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጡ፣ እናንተ ናችሁ ቱቦዎቹ። አንዲት መስመርም ብትሆን አድርሱ።

ሦስተኛ፣ መስበክ ብቻ ውኃ አይደለም። ደመወዝ የተያዘባት፣ የምትመታ፣ የተቆለፈባት እኅት ካለች፣ ለኅብረቱ አስተባባሪዎች ንገሩ፤ ወደሚመለከተው ቦታ አብሯት የሚሄድ ሰው ይፈለጋል። «ታገሺ» ብሎ ጸሎት ማድረግ ቧንቧውን ዘግቶ ሣሩን መውቀስ ነው።

አራተኛ፣ ይህ ለእኔ ለራሴ ነው። በኢዮብ 42 ወዳጆቹ የተማሩት የሚገርም ነው። እግዚአብሔር፣ ወደ ኢዮብ ሂዱ፣ እርሱ ይጸልይላችሁ አላቸው። ያቃለሉት ያ ደረቅ ሰው ነው የሚማልድላቸው! እኔም በዚያው መንገድ ለእኅቴ ሁለተኛ ወረቀት ጻፍሁ። ጥቅስ አላስገባሁበትም። «በደልሁሽ። ሳልጠይቅሽ ፈረድሁብሽ። ጸልይልኝ» ብቻ አልኩ።

አንድ ወር ቆይቶ መልስ መጣ። ማታ ቆሻሻ ስትጥል ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ያለች ልጅ ትቀበላታለች። ይቅርታዬን ተቀብላለች፤ እየጸለየችልኝም ነው። በሯ ዛሬም ይቆለፋል፣ ውሸት አልጽፍላችሁም። ሁለት ወር ደመወዟ ግን ተከፍሏታል፤ የቀረውን እየተከታተሉላት ነው። የዕረፍት ቀን ገና አልተፈቀደላትም። ወረቀቶቻችን ግን ይደርሷታል፣ መዝሙሮቹንም ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ትዘምራቸዋለች።

በመልሷ መጨረሻ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ ለአዘጋጆቹ አስተላልፌዋለሁ፦ «ያለፈው ወር ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ሦስተኛው ገጽ አልነበብ አለኝ። እባካችሁ ቀለሙን ጠቆር አድርጉት።»

ስለዚህ በዚህ ወር ቀለሙ ጠቆር ብሏል። ለዚያ የሚሆን ሳንቲም ያዋጣችሁ ሁሉ ጌታ ይባርካችሁ።

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ ሳንጠይቅ የፈረድንበትን አፋችንን ይቅር በል። ውኃ የተዘጋባቸውን ልጆችህን አንተ ታውቃቸዋለህ፤ በደጃቸው ያለፍን እኛ አላወቅናቸውም። በእጃችን ጥቂት ውኃ አድርገህ ላከን። ሥሩ ገና ያልሞተውን ሁሉ አለምልመው። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

የእናንተው እኅት፣ ከአማን